ከጣና የሚወጣ ጭራቅ በትንሽ በጀት፦ ከእንቁላሉ እስከ ስፖንጁ

የላብራቶሪ ሙከራ ከእጅ አምልጦ ጭራቅ የሚወልድባቸው ፊልሞች ከዘመን ዘመን የሚሠሩት ርካሽ ስለሆኑ ነው። የጦር ሠራዊት፣ የጥንት ቤተ መንግሥት፣ የጠፈር መርከብ አይጠይቁም። ነጭ ቀለም የተቀባ አንድ ክፍል፣ ፍሪጅ፣ ሁለት ጋውን፣ ውኃና ጨለማ፤ በቃ። ጭራቁ ራሱ በሰዓት ተኩል ፊልም ውስጥ ተደማምሮ ሦስት ደቂቃ ከታየ ብዙ ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ እንዲህ ያለ ፊልም ለሚያስብ ቡድን ጣና ገና ካሜራ ሳይወጣ ብዙ ወጪ ይሸፍንለታል፤ ድፍርሱ ውኃና ደንገሉ በነጻ ነው። ገንዘብ የሚበላው ጭራቁ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ሳይወሰን ግንባታ መጀመር ነው። ይህን የሚወስነው ደግሞ ዘረመሉ ስለሆነ፣ ከስፖንጁ በፊት ስለ እንቁላሉ እናውራ።

እንቁላሉ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የፊልም ጭራቆች በአብዛኛው የአቶም ጨረር ልጆች ነበሩ። በ1973 ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የአንዱን ፍጥረት ዲኤንኤ ቆርጦ ሌላው ውስጥ መትከል እንደሚቻል አሳዩ፤ ብዙም ሳይቆይ የእንቁራሪት ዘረመል ባክቴሪያ ውስጥ ገባ። በ1975 ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲሎማር ላይ ተሰብስበው የጥንቃቄ ደንብ ተነጋገሩ። ሊቃውንቱ ራሳቸው "እስቲ ቆም እንበል" ሲሉ የሰማ የፊልም ጸሐፊ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። ጨረሩ እየቀረ መርፌው መጣ።

ስክሪፕቶች በብዛት የሚሰናከሉት እዚሁ መርፌው ላይ ነው። ጎልማሳ ሰው ክንዱን ይወጋና በማግስቱ ክንፍ ያበቅላል። ሰውነት ግን ቅርጹን የሚይዘው ፅንስ ሳለ ነው። ካደገ በኋላ ዘረመል ቢቀየርለት የጎደለውን ፕሮቲን ሊያገኝ ይችላል፤ አዲስ እጅና እግር አያወጣም። ስለዚህ ሙከራው ከአንድ ሕዋስ ይነሣ፤ ለዚህ ደግሞ ዓሣ ይመቻል። እንቁላሉ ከእናቲቱ ሆድ ውጭ ስለሚያድግ በማይክሮስኮፕ እየታየ በቀጭን የመስታወት መርፌ ይወጋል። ከተወጉት ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ ከተረፉት ብዙዎቹ አዲሱን ዘረመል አይቀበሉም፤ አንዳንዶቹ በከፊል ሰውነታቸው ብቻ ይይዙታል። በ1996 የተወለደችው ዶሊ የተባለችው በግ በሌላ ዘዴ፣ በማዳቀል ሳይሆን የሕዋስ አስኳል በማዘዋወር የተገኘች ናት፤ እሷም ብትሆን ከ277 ሙከራ የወጣች አንዲት ጠቦት ነበረች። ይህ ሁሉ ውድቀት ለእናንተ ዲኮር ነው። የዓሣ ሆድ ዕቃና እንቁላል ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች ይገኛል፤ ብልቃጥ ውስጥ በውኃ ጨምሩት፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ወተት አክሉበት፣ ከኋላው አምፖል አብሩ። መደርደሪያ ሙሉ ያልተሳካ ሙከራ በግማሽ ቀን ይዘጋጃል።

እውነተኛውን ምሳሌ ማወቅ ይጠቅማል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2015 ለምግብነት የፈቀደው ሳልመን የተሠራው የሌላ ሳልመን ዝርያ የዕድገት ሆርሞን ዘረመል ገብቶለት ነው። ዘረመሉ መቼ እንደሚሠራ የሚወስነው ቁራጭ ደግሞ ቅዝቃዜ ከሚችል ሌላ የባሕር ዓሣ የመጣ ነው። ይህን ቁራጭ እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ አስቡት፤ እዚህ ላይ ማጥፊያው የለም። ተራው ሳልመን በብርድ ወራት ዕድገቱን ሲቀንስ ይኼኛው ዓመቱን ሙሉ ያድጋል፤ ሦስት ዓመት ገደማ የሚፈጀውን በዓመት ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። ልብ በሉ፤ ቶሎ ይደርሳል እንጂ ከዘመዶቹ አይገዝፍም። ፊልሙ መዋሸት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፦ "የእኛው ማደጉን አላቆመም።" ይህ አንድ ውሸት ይበቃል። ክንፉ፣ እሳቱ፣ የሰው አእምሮው ሲጨመርበት ተመልካች መፍራቱን ትቶ መሳቅ ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ውሸት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ግንባታ ነው።

ለጣና ከአምባዛ የተሻለ እጩ የለም። ቅርፊት የለውም፤ ስለዚህ ሺህ ቅርፊት እየቆረጠ የሚለጥፍ ሰው አያስፈልግም። አፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው። ውኃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው በእርጥብ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ በክንፎቹ እየተገፋ በየብስ ሊሄድ ይችላል፤ የላብራቶሪ እጅ ሳይገባበት። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ሊደርስ ይችላል። ቆሮሶን ማንም አይፈራም። ባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች በአንጻሩ ለፕሮፌሰሩ ገጸ ባሕርይ ጥሩ ንግግር ይሰጣሉ፤ ከአንድ ቅድመ አያት ወርደው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ወደ 15 ዝርያ ተከፋፍለዋል፣ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። "ሐይቁ እኛ ሳንነካው ሲሞክር ኖሯል" ቢል ያምርበታል።

አሁን ስሌቱ። አንድን እንስሳ ቅርጹን ሳትለውጡ ርዝመቱን እጥፍ ብታደርጉት የቆዳውና የስንጥቡ ስፋት አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር ተኩል ርዝመትና 30 ኪሎ ያለው አምባዛ ሦስት ሜትር ሲሆን 240 ኪሎ ይመዝናል፤ ስድስት ሜትር ሲሆን 1,920 ኪሎ። የሚተነፍስበት ገጽ በስድስት ሜትሩ ላይ 16 እጥፍ ብቻ ስላደገ 64 እጥፍ የከበደውን ሥጋ መመገብ ያቅተዋል። ውኃ ውስጥ ክብደቱን ውኃው ይሸከምለታል፤ የብስ ላይ በራሱ ሥጋ ይታፈናል። ከዚህ የፊልሙ ሕግ ይወጣል፦ ውኃ ውስጥ ማንም አያመልጠውም፤ ዳር ላይ ጥቂት እርምጃ ቢከተል ነው፤ ዝናብ ሲዘንብና መሬቱ ሲረጥብ ግን ያ ርቀት ይረዝማል። ተመልካች ይህን ሕግ በመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ከያዘ ባዶ ኩሬ ራሱ ያስፈራዋል። ሦስት ሜትሩን ምረጡ። የአምባዛ ጭንቅላት የርዝመቱን ሲሶ ያህል ስለሚይዝ የምትሠሩት ጭንቅላት 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሁለት ሰው የሚሸከመው፣ ባጃጅ የሚጭነው መጠን ነው።

ማምለጫውንም ሳይንሱ ይሰጣችኋል። እንዲህ ያለ ዓሣ ቢያመልጥ እንዳይራባ መካን ይደረጋል፤ የተዳቀለው እንቁላል በከፍተኛ ግፊት ተመትቶ በሁለት ፈንታ ሦስት የክሮሞሶም ስብስብ እንዲይዝ ይሆናል። ዘዴው ግን መቶ በመቶ አይሠራም፤ ለዚህ ነው ናሙና የሚመረመረው። ምርመራውን ለመዝለል የቸኮለ አንድ ኃላፊ፣ በነሐሴ የሞላ አንድ ኩሬ፤ ሌላ ክፉ ሰው አያስፈልግም። አምባዛ በክረምት ጎርፍ ወደ ተጥለቀለቀ ሜዳ ወጥቶ እንቁላል የሚጥል ዓሣ ስለሆነ የፎገራ ሜዳ ታሪኩን ይቀበለዋል። የላብራቶሪውን ስም ግን ፍጠሩ፤ በከተማው ያለ የምርምር ተቋም ታፔላ በፍሬሙ ውስጥ አይታይ።

ጭንቅላቱ

ሙሉ አካል አትሥሩ። ጭንቅላት፣ ከውኃ በላይ የሚታይ የጀርባ ክንፍና አንድ ጅራት ይበቃል፤ ሦስቱ በአንድ ፍሬም አብረው አይታዩም።

ትልቁ ስህተት የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ርካሽ ነው፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ ደረቁን ሲታይ ያማልላል። ውኃ ሲነካው ግን ይጠጣል። 50 ሊትር ይዘት ያለው ስፖንጅ ደረቁን አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ ሲሞላ ወደ 50 ኪሎ ይጠጋል። ይህን የለበሰ ተዋናይ ሐይቅ ውስጥ ከገባ መንቀሳቀስም ከውኃው መውጣትም ያቅተዋል። ዋናውን ቅርጽ ውኃ ከማይጠጣው የስፖርት ምንጣፍ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ ሥሩ። የፍራሽ ስፖንጅ ለከንፈርና ለጉንጭ ብቻ፣ ከሁለት ሴንቲ ሳይበልጥ፣ ያውም ከላይ በሲሊኮን ተሸፍኖ።

ከቀርከሃ ስንጣሪ የተሠራ አጽም ላይ የዶሮ ሽቦ ወጥሩ፣ ምንጣፉን በላዩ ልበጡት። ማጣበቂያው ማስቲሽ ነው። ሁለቱንም ገጽ ቀቡ፤ በጣት ሲነኩት እስከማይጣበቅ ድረስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆዩ፤ ከዚያ አንዴ ገጥማችሁ ጨብጡት። ቸኩሎ እርጥቡን የገጠመ ሰው ፈሳሹ ውስጥ ታምቆበት በነጋታው ስፌቱ ተከፍቶ ያገኘዋል። ሥራው በረንዳ ላይ ይሁን፤ የማስቲሽ ሽታ በተዘጋ ክፍል ጭንቅላት ያዞራል።

ቆዳው የሚሠራው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከሚሸጠው በቱቦ ያለ ሲሊኮን ነው። አንዱ ቱቦ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። የጭንቅላቱ ገጽ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን፣ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ለመስጠት አንድ ሊትር ተኩል፣ ማለትም አምስት ቱቦ ይፈልጋል፤ ስድስት ግዙ። ሁለት እጅ ሲሊኮን ለአንድ እጅ አኳራጅ እያደረጋችሁ በጥቂት በጥቂቱ ደባልቁ። ቀለሙ ቅቡ ውስጥ መግባት አለበት፤ የሠዓሊ የዘይት ቀለም በአውራ ጣት ጥፍር መጠን ለአንድ ቱቦ በቂ ነው። በደረቀ ሲሊኮን ላይ የግድግዳ ቀለም ብትቀቡ በመጀመሪያው መታጠፍ ይላጣል፤ ሲሊኮን ላይ ከሲሊኮን በቀር የሚይዝ ነገር የለም። ጀርባው ጥቁር አረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ሆዱ የነጣ፣ በመሐል ዝንጉርጉር ይሁን። ዝንጉርጉሩን በተቀደደ ስፖንጅ ጫፍ ነካ ነካ እያደረጋችሁ አውጡት፤ ብሩሽ መስመር ይተዋል።

ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር በሚወስደው እርጥበት፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ቢደርቅ ነው፤ በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ይዘገያል። አንዴ ወፍራም አድርጎ የለሰነ ሰው ላዩ ደርቆ ውስጡ ሊጥ ይሆንበታል። በቀን አንድ ስስ ቅብ በቂ ነው፤ በዙሪያው እርጥብ ጨርቅ መስቀል ያፋጥነዋል። ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፤ ሽታው እስኪጠፋ የሰው ቆዳ አይንካ።

ጢሞቹ ከብስክሌት ካላማዳሪ ይቆረጣሉ፤ 40 ሴንቲ ርዝመት፣ ወደ ጫፍ እየቀጠነ የሚሄድ። ከሥራቸው የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አሥራችሁ ወደ ውስጥ ብትስቡ አፉ አካባቢ ይርመሰመሳሉ። ጥርስ አትጨምሩ። አምባዛ ደቃቅ ጥርስ ያለው ዓሣ ነው፤ የውሻ ክራንቻ ሲሰካበት ወዲያው የካርቱን ይመስላል። ሰፊ፣ ጥርስ አልባ የሚመስል፣ ቀስ ብሎ የሚከፈት አፍ የበለጠ ያስጠላል።

ዓይኑ ትንሽ ነው፤ ብይ ይበቃዋል። ከብዩ ኋላ በሲኖትራክና በባጃጅ ጀርባ የሚለጠፈውን አንጸባራቂ ስቲከር በክብ ቆርጣችሁ ለጥፉ። ይህ ስቲከር ብርሃንን ወደመጣበት ስለሚመልስ የእጅ ባትሪው ከካሜራው ሌንስ ጎን ተጠግቶ መያዝ አለበት። ግማሽ ሜትር ከራቀ ዓይኑ ይጠፋል። ተዋናዩ የያዘው ባትሪ ይህን አይሠራም፤ ብርሃኑ ወደ እሱ እንጂ ወደ ካሜራው አይመለስምና።

ልጋጉ ከማጀት ይመጣል። በትልልቅ ፊልሞች የጭራቅ ልጋግ ሜቲል ሴሉሎስ ከሚባል ዱቄት ይዘጋጃል፤ እዚህ ተልባ አለ። አንድ ስኒ ያልተፈጨ ተልባ በስምንት ስኒ ውኃ ቀቅሉ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ እንደ ትኩስነቱ በወንፊት አጥልሉት። ከበረደ ይጎተታል እንጂ አይጠልልም። የሚወጣው ንጹሕ፣ ክር የሚስብ ዝልግልግ ነው፤ ዓይን አያቃጥል፣ ሲሊኮን አይጎዳ። የተፈጨ ተልባ ከተጠቀማችሁ ድፍርስ ቡናማ መጠጥ ይሆንባችኋል። በማግስቱ መሽተት ስለሚጀምር በየቀኑ አዲስ ይፍላ። ለደሙ አንድ ኪሎ ስኳር በግማሽ ሊትር ውኃ አፍልቶ ቀይ የምግብ ቀለምና ቁንጥር ካካዎ ማግባት ነው። ካካዎው ባይኖር ደሙ እንደ ሽሮፕ ያሳያል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ንብና ጉንዳን ስለሚወዱት ከቀረጻ በፊት ሳይሆን "አክሽን" ሊባል ሲል ይቀባ።

ውኃው ላይ

ጭንቅላቱ ውኃ ስለማይጠጣ ይንሳፈፋል፤ ችግሩ በጣም መንሳፈፉ ነው። እስከ ዓይኑ እንዲጠልቅ በሆዱ ሥር ድንጋይ የሞላ ጆንያ እሰሩለት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ውኃ ውስጥ እንዲገባ የምትፈልጉት ክፍል 20 ሊትር ከሆነና ጭንቅላቱ አምስት ኪሎ ከመዘነ፣ የጎደለው 15 ኪሎ ነው፤ ድንጋይ ራሱ ውኃ ውስጥ ስለሚቀልል ከዚያ ዘለግ አድርጋችሁ ጀምሩ። ክብደቱ ከጎን ከሆነ በካሜራ ፊት ይገለበጥና ሽቦው ይታያል። የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሜትር አጣና ከደንገሉ ውስጥ ተገፍቶ ወይም በገመድ ተስቦ ነው። ወደ ካሜራው ከመምጣት ይልቅ በአግድም ያልፍ፤ ግፊቱ አይታወቅበትም። ጣና ድፍርስ ስለሆነ አጣናው ጠለቅ ካለ ይሰወራል።

ቅናሽ ሞዴል ሠርቶ በገንዳ መቅረጽ የሚሻ ካለ ከሩብ መጠን በታች አይውረድ። ለሩቡ በሰኮንድ 50 ፍሬም ቀርጾ በ25 ማሳየት እንቅስቃሴውን ያከብደዋል፤ የውኃ ጠብታ ግን አይቀንስምና ከዚያ ያነሰ ሞዴል ያጋልጣል።

ሰው ውኃ ውስጥ በተቻለ መጠን አይግባ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ጥገኛው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ቆዳ ይበሳል፣ የሚበዛውም ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳር፣ ፀሐይ ሲበረታ ከረፋድ እስከ ቀትር ነው። መግባት ግድ ከሆነ ረጅም ቦቲ ይደረግ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ምርመራ ይደረግ፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለና ሲመሽ ለግጦሽ ስለሚወጣ የሌሊት ቀረጻ እዚያ አይታሰብ። ጉማሬ ወደ ውኃው የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት ይጠላል፤ የመብራት ስታንድ ቆሞበት ቢያገኝ አይዞርም።

የዝቅታ እይታ ሲያስፈልግ የደንገል ታንኳ ከሞተር ጀልባ ይበልጣል፤ ውኃው ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ካሜራው ያለ ምንም ዕቃ ከዓሣው ዓይን እኩል ይሆናል። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቶቹ በየቀኑ አውጥተው ያደርቁታል፤ ማለዳ የተነሣ ታንኳ ከሰዓት በኋላ ሌላ ነው፣ ቀዛፊው "ይብቃ" ሲል ይብቃ። የሕይወት ጃኬትና ሁለተኛ ጀልባ ግዴታ ነው። እምቦጭን ለዲኮር ብላችሁ ከሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ አታምጡ፤ ቁራጩም ዘሩም ይራባል፣ ሐይቁ ያለበት ይበቃዋል። ገዳማት ባሉበት ደሴት መቅረጽ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ደግሞ ሴት ስለማያስገቡ የቡድኑ ድልድል አስቀድሞ ይታይ።

ወሩ ጥቅምት ወይም ኅዳር ይሁን። ዝናቡ ቆሟል፣ ሐይቁ ገና ሙሉ ነው፣ ሣሩ አልደረቀም። ማለዳ ውኃው ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣና ድምፅም ጭንቅላቱም አይያዝም። ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ሰማያዊው ብርሃን የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ አራት ሾት ካወጣችሁ ጎበዞች ናችሁ። ቀሪውን ሌሊት በቀን ቅረጹት፦ ፀሐይን ከሚቀረጸው ሰው ኋላ አድርጎ፣ ሰማይን ከፍሬም አውጥቶ፣ ሁለት ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) አጨልሞ፣ ነጩን ወደ ሰማያዊ ገፍቶ። በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ ኤክስፖዠሩን ቆልፉት፤ ካልተቆለፈ ስልኩ ጨለማውን "ሊያስተካክል" ሲል ያበራዋል፣ ምስሉም በነጠብጣብ ይሞላል። ላብራቶሪው ውስጥ ደግሞ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸተሩ 1/50 ወይም 1/100 ይሁን፤ 1/60 ላይ አምፖሉ ይርገበገባል።

ድምፁ ከአህያ ይጀምር። የአህያ ጩኸት በግማሽ ፍጥነት ሲጫወት አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ርዝመቱም እጥፍ ይሆናል፤ ማን መሆኑ ይጠፋል። ስትቀዱት የመቅጃውን ሳምፕል ሬት (በሰኮንድ የሚወስደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) 96 ኪሎ ኸርዝ ላይ አድርጉት፤ በ48 የተቀዳ ድምፅ በግማሽ ሲዘገይ የላይኛው ዝርዝር ጠፍቶ የታፈነ ይሆናል። በላዩ ላይ የሊጥ ጭፍጨፋ ድምፅ፣ አጥንት ሲሰበር ደግሞ የሸንኮራ ስብራት ድምፅ ጨምሩ። ጭራቁ ሲመጣ የእንቁራሪቶቹን ድምፅ ቀድማችሁ ቁረጡ።

በኤዲቲንግ የመጀመሪያው መታየት ከ12 ፍሬም አይብለጥ፣ ሁለተኛው አንድ ሰኮንድ፣ አፉ የሚከፈትበት የመጨረሻው ሦስት ሰኮንድ። ሲያልቅ በስልክ፣ ብሩህነቱን ግማሽ አድርጋችሁ፣ መብራት በበራበት ክፍል እዩት፤ አብዛኛው ተመልካች የሚያየው እንዲያ ነው። ምንም ካልታየ ግማሽ ስቶፕ ከፍ አድርጉት፤ የማስቲሹ ስፌት ከታየ መልሱት።